ሰኔ አራት

ወይዘሮ ፋናዬ ሰባት ወር የጠበቁትን የዓይን ሕክምና ተራ፣ ሊታከሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው ለጎረቤት ሰጡት።

ልጃቸው ፀደንያ ይህን የሰማችው ቅዳሜ የካቲት 21 ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከቡራዩ ማልዳ ተነሥታ፣ አየር ጤና ላይ ታክሲ ቀይራ፣ ከዓለም ገና መገንጠያ በባጃጅ ገብታ እናቷን ወደ ሱሉልታ ልትወስድ መጥታ ነበር። ሱሉልታ በአንድ ጤና ጣቢያ የተሰባሰቡ ሐኪሞች የዓይን ሞራ በነፃ እያነሡ ነው። ዘመቻው ማክሰኞ ያበቃል። የፋናዬ ተራ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር።

"እማዬ፣ ገና አልለበስሽም እንዴ? ባጃጁ ደጅ ቆሟል እኮ!"

ፋናዬ አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። "አሰናብቺው። የትም አልሄድም።"

"የቀጠሮ ካርድሽስ?"

"ለአብዱልከሪም ሰጠሁት። ትናንት።"

አብዱልከሪም ከመንገዱ ማዶ የእህል መደብር ያለው ጎረቤት ነው። ፀደንያ የሰማችውን ማመን አቅቷት በሩ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ሰባት ወር ሙሉ የጠበቅሽውን?"

"አትጩኺ። ለአራት ወር ብዬ ዓይኔን ላስነካካ? እሱ ልጆች አሉት። የእሱም ዓይን እየደከመ ነው። ቀኑ ሲደርስ ልጆቹን ይዞ የሚሸሽበት ዓይን ያስፈልገዋል።"

"የምን ቀን?"

"ሰኔ አራት ነዋ።" ፋናዬ ይህን ያሉት በለሆሳስ፣ የምታውቂውን ለምን ታስደግሚኛለሽ በሚል ድምፅ ነበር።

ፀደንያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰኔ አራት የሚለውን ቀን ወረቀት ላይ ያሰፈረችው እሷ ራሷ ናት።

ፀደንያ ተክሉ የሕግ ባለሙያ ናት። ገፈርሳ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በየቀኑ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የመንግሥት መሥሪያ ቤቷ ትመላለሳለች። የምትሠራው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን በሚመረምረው ክፍል ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው የጠፈር ሕግ ስለነበር ባልደረቦቿ "የሰማይ ቤት ጠበቃ" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። "ጨረቃ ላይ የመሬት ክርክር ሲነሣ እንጠራሻለን" ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ቀልዱ የቀረው በጥር ወር ነው። የሰማይ ተመልካቾች ስልሳ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ ድንጋይ አገኙ። ድንጋዩ ፀሐይን እየዞረ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ከምድር ጋር ሊጋጭ የሚችልበት ዕድል ከመቶ ሁለት እንደሆነ አሰሉ። ሊወድቅባቸው የሚችሉት ቦታዎች ካርታ ላይ ሲሰመሩ አንድ ረጅም መስመር ሠሩ። መስመሩ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ አፍሪካን አቋርጦ፣ በኢትዮጵያ ላይ አልፎ እስከ ሂማላያ ይዘልቃል። በመስመሩ ላይ ያሉ አገሮች ሁሉ ለምክክር ተጠሩ። በፀደንያ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የተገኘችው እሷ ብቻ ነበረች።

አለቃዋ ኦቦ ተረፈ አስጠርተዋት "ለበላይ የሚቀርብ አንድ ገጽ ጻፊ። አጭር ይሁን፣ ሁሉም ሰው የሚገባው ይሁን" አሏት። ጻፈች። በመጀመሪያው መስመር ላይ "ሰኔ 4 ቀን 2026" ብላ ቀኑን አሰፈረች። በእኛ አቆጣጠር ትክክል ነው። በፈረንጆቹ ስንት እንደሚሆን ግን አጠገቡ አልጻፈችም፤ አንባቢው የአገር ሰው ስለሆነ አያስፈልግም ብላ። ከዚያም አንዱን ቅጂ ማተሚያው ላይ ረስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ማን ፎቶ እንዳነሣው አልታወቀም። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ውጭ አገር ላለ ሰው ደረሰ። ያ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ሰኔ አራት "ጁን 4" ሆነ፤ 2026ም እንዳለ ቀረ። ተመልሶ በአማርኛ ቲክቶክ ላይ ሲወጣ "ዘንድሮ ሰኔ" ተባለ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘንድሮ 2026 ነዋ።

ፀደንያ ወሬውን ሐሙስ ዕለት በቡራዩ ታክሲ ውስጥ ሰምታው ነበር። ሁለት ወጣቶች ስልክ እያዩ "ብሮ፣ ሰኔ ላይ አለቀልን! ፈተናም የለ፣ ምንም የለ!" እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ኢንተርኔት የማያወራው የለም ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የራሷ ገጽ ይሆናል ብላ ጨርሶ አላሰበችም።

"ማን ነገረሽ?" አለች አሁን እናቷን።

"ሐሙስ ዕለት ደራርቱ ከስልኳ አነበበችልኝ።" ደራርቱ ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ፀጉር ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። "ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ነው ያነበበችልኝ። መጨረሻ ላይ ስምሽ አለ። አዘጋጅ ፀደንያ ተክሉ ይላል። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን አላምንም ነበር። የኔ ልጅ ግን ያላረጋገጠችውን አትጽፍም።"

ፀደንያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ታዲያ ለምን ደውለሽ አልጠየቅሽኝም?"

"ምን ብዬ? መናገር ብትችዪ ትነግሪኝ ነበር። ጨክና ልትነግረኝ አቅቷት ነው አልኩ። ብቻሽን የተሸከምሽውን ጭንቅ እኔ ደግሞ ላክብደው? ዝም ብዬ ጾሜን ጾምኩ።"

"እማዬ፣ ዘንድሮ አይደለም። ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ያም ቢሆን ከመቶ ሁለት ዕድል ነው ያለው። ቀኑን በእኛ ጽፌ በፈረንጅ ሳልጽፍ ስለቀረሁ ነው እንዲህ የሆነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ፋናዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሁን ልታጽናኚኝ ነው።"

"በአባቴ አጥንት!"

"ሰው ሲያጽናና ይምላል።"

ፀደንያ ዙሪያዋን ቃኘች። ግድግዳው ላይ የባንክ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን የታተመበት። አውርዳ እናቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። "ይኸው፣ አንብቢው።" ወዲያው ምን እንዳለች ገብቷት ምላሷን ነከሰች።

"ማንበብ ብችልማ ሱሉልታ ምን ያስኬደኛል?" አሉ ፋናዬ። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈራቸው ፈገግ አለ። "ደራርቱን ጥሪያት። አንቺ ለኔ ስትዪ ትዋሺ ይሆናል። እሷ አትዋሽም።"

ደራርቱ ዓይኗን እያሻሸች መጣች። "አካም ቡልታን፣ እማማ?" ብላ በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ሰጥታ የቀን መቁጠሪያውን ተቀበለች። "ዛሬ የካቲት 21 ቀን 2018። በፈረንጁ ደግሞ... ፌብሩዋሪ 28፣ 2026።" ቆም አለች። ተመልሳ አየችው። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ የወረቀቱን ፎቶ ፈለገች። "ወረቀቱ የሚለው ሰኔ 4 ቀን 2026 ነው። ሰኔ ብሎ የጻፈው በእኛ ነው። በእኛ ከሆነ ደግሞ... ዋይ! እማማ፣ ዘንድሮ ነው ያለው እኮ ቲክቶኩ ላይ ያለው ሰውዬ ነው! ወረቀቱ ዘንድሮ አይልም!"

ፋናዬ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። "አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ..." ስምንተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ትንፋሻቸው ከሆዳቸው ወጣ። ፀደንያ ያንን ትንፋሽ የምታስታውሰው ድሮ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ ነው።

"ስምንት ዓመት" አሉ። "ስምንት ዓመትማ ዕድሜ ነው።" ወዲያው ደግሞ ደነገጡ። "አንቺ፣ ካርዱ! ካርዴን ሰጥቼ!"

ፀደንያ መንገዱን ተሻግራ ሮጠች። መደብሩ ዝግ ነው። የአብዱልከሪም ሚስት ራቢአ ከግቢው በር ብቅ አለች።

"አብዱልከሪም የለም። ሱሑር በልቶ፣ ሶላቱን ሰግዶ ወጣ። ሱሉልታ ነው የሄደው።"

"ካርዱን ይዞ?"

"ካርዱን ይዞ።"

ፀደንያ የተዘጋውን መደብር አየች። የተሰጠ ነገር ነው። የአብዱልከሪም ዓይን እንደደከመም ታውቃለች፤ ባለፈው ወር ሽንብራውን ከምስር ለይቶ ሲሰፍር ተቸግሮ አይታዋለች። አንድ ሰው በሷ ስሕተት ምክንያት ዓይኑ ቢበራለት ልታዝን ነው? ያም ሆኖ ወደ እናቷ ስትመለስ እየተጎተተች ነበር። ለፋናዬ ስትነግራቸው "ይሁን። ለእሱም ይገባዋል" አሉ። ድምፃቸው ግን ተሰበረ።

ሁለቱም እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጡ። አምስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ፤ አብዱልከሪም ገባ። ዓይኑ ላይ ፋሻ የለም። መንገድ አቧራ አልብሶታል፤ ከንፈሩም በጾም ደርቋል።

"እንደምን አረፈዱ፣ እትዬ ፋናዬ?"

"አልታከምክም እንዴ?" አሉ ፋናዬ ከመቀመጫቸው እየተነሡ።

"የኔ ዓይን መነጽር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እዚያው መርምረው ነገሩኝ። ደግሞ ካርዱን ለራሴ የወሰድኩ መሰልዎት?" ካርዱን ከደረት ኪሱ አወጣ። "ትናንት ሲያመጡልኝ አልቀበልም ብል ለመንገደኛ እንደሚሰጡት አውቃለሁ። እሺ ብዬ ተቀበልኩና ዛሬ ሄጄ ነርሷን ለመንኳት። ሴትየዋ ትንሽ አሟቸዋል፣ ተራቸውን ወደ መጨረሻው ቀን አዛውሪልኝ አልኳት። ይኸው፣ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ብላ ጽፋልኛለች።"

ፋናዬ እጃቸውን ዘርግተው ካርዱን ሳይሆን የእሱን እጅ ያዙ። "ግን ሰኔ..."

"ሰኔንማ እኔም ፈርቻለሁ። ራቢአም ስታለቅስ ነው የከረመችው። ግን ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ሰው ተራውን መጣል የለበትም ብዬ ነው።"

ፀደንያ ያኔ ነገረችው። ወረቀቱን የጻፈችው እሷ እንደሆነች፣ ቀኑ ከስምንት ዓመት በኋላ እንደሆነ፣ ራቢአን ያስለቀሰችው እሷ እንደሆነች አንድ በአንድ ነገረችው። አብዱልከሪም ሰምቶ ሲጨርስ በሩን ተደግፎ "አልሐምዱሊላህ" አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ ጣቱን ቀሰረባት፤ "ራቢአን አንቺው ራስሽ ንገሪያት። እኔ ብነግራት ጸጥ ሊያሰኘኝ ነው ትላለች።"

ፀደንያ ሄዳ ነገረቻት። ራቢአ በመጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥላ አቀፈቻት፤ ከዚያ እንደገና ተቆጣች።

የቀሩት ኦቦ ተረፈ ነበሩ። ፀደንያ ከእናቷ ግቢ ሆና ደወለችላቸው። ሥራዬን አጣለሁ ብላ ፈርታለች፤ ግን ቃል ሳታሳምር ተናገረች።

"ለበላይ በቀረበው ወረቀት ላይ የማን ፊርማ አለ?" አሉ ኦቦ ተረፈ።

"የእርስዎ።"

"እኔም አንብቤ ነው የፈረምኩት። እኔም ነኝ ያላየሁት። በይ፣ ነገ እሁድ ቢሆንም ጠዋት ቢሮ እንገናኝ። አንቺ አማርኛውን ትጽፊያለሽ፣ እኔ አፋን ኦሮሞውን እጽፋለሁ።"

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ማስተካከያው ወጣ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ በፊደል፣ ዕድሉም በደረቅ ቁጥር ሳይሆን ሰው በሚገባው አነጋገር ተጽፎበታል፤ "ከመቶ አጋጣሚ ዘጠና ስምንቱ ምንም ሳይነካን ያልፋል" ብለው። ደራርቱ በቲክቶክ አነበበችው። ፊቷን ወደ ካሜራው አስጠግታ "ያ ሰውዬ ቁጥር አያውቅም!" ብላ የጨመረችው ግን የራሷ ነው።

ችግሩ የማክሰኞው ቀጠሮ ነበር። በመስመሩ ላይ ያሉት አገሮች ስብሰባ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ኢትዮጵያን ወክላ የምትናገረውም ፀደንያ ናት። ስብሰባው በኢንተርኔት ስለሆነ ኦቦ ተረፈ "ኮምፒዩተርሽን ይዘሽ ሂጂ" አሏት። እሷም ሱሉልታ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እናቷን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አስገብተዋቸዋል።

የስብሰባው ጥያቄ ከባድ ነበር። ዕድሉ እየጨመረ ከሄደ፣ አቅም ያላቸው አገሮች መንኮራኩር ልከው ድንጋዩን ገጭተው ከመንገዱ ሊያስወጡት ያስባሉ። በደንብ ከተገፋ ምድርን ስቶ ያልፋል። በግማሽ ከተገፋ ግን የሚወድቅበት ቦታ በመስመሩ ላይ ይንሸራተታል፤ ባሕር ላይ ሊወድቅ የነበረው ከተማ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ ተጠያቂው ማን ነው? በአንድ አገር መንኮራኩር መሬት ላይ ጉዳት ቢደርስ ላኪው አገር እንደሚክስ ስምምነት አለ። ድንጋዩ ግን ማንም የሠራው አይደለም። ላኪዎቹ አገሮች "ሁላችሁንም ለማዳን ስንሞክር ብንሳሳት እንዳትከሱን አስቀድማችሁ ፈርሙልን" ይላሉ። በመስመሩ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ "ሳታስፈቅዱን አትንኩት" ይላሉ። ለሁለት ሰዓት ያህል ይኸው ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቆየ።

ሰብሳቢዋ "ኢትዮጵያ" ብላ ስትጠራ ፀደንያ ድምፅ ማጉያዋን ከፈተች። ልክ በዚያው ቅጽበት ከሕንፃው በር አንዲት ነርስ ጮኸች፤ "የፋናዬ ቤተሰብ! የፋናዬ ቤተሰብ የት አለ?"

ፀደንያ ከአርባ በላይ አገሮች እየሰሟት "ይቅርታ፣ እናቴ ቀዶ ሕክምና ላይ ናት፣ እየጠሩኝ ነው" አለችና ኮምፒዩተሩን ወንበሩ ላይ ጥላ ሮጠች።

"ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆኑም፣ በሰላም ጨርሰዋል" አለች ነርሷ። "በረደኝ ብለው ነው። ጋቢያቸው አንቺ ጋ ነው አሉ።"

ፀደንያ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ጋቢውን ሰጠች፤ በበሩ ክፍተት እናቷን አየቻቸው። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ ከጎናቸው ካሉት ሴትዮ ጋር ወሬ ይዘዋል። ወደ ወንበሩ ስትመለስ ተራዋ ያለፈ መስሏት ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

"የኔፓሉ ተወካይ የእሳቸውን ሰዓት ለእርስዎ ሰጥተዋል" አለች ሰብሳቢዋ። "እናትዎ ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናት። ጋቢ ፈልጋ ነው።" ጋቢ ምን እንደሆነ ማንም የጠየቀ የለም፤ ግን ብዙዎቹ ፈገግ አሉ።

ፀደንያ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ አላነበበችም። "አገሬ ድንጋዩን ለመግፋት የሚደረገውን ጥረት ትደግፋለች" አለች። "በቅን ልቦና ሞክሮ ለተሳሳተ ሰው ካሳን ይቅር ማለት ይቻላል። መረጃን ግን ይቅር ማለት አንችልም። ከመግፋታችሁ በፊት ስሌቱን ሁሉ ለሁላችንም አሳዩን፤ ነጥቡ በማን ላይ እንደሚንሸራተት እኩል እንወቅ። ጉዳት የደረሰበትን አገር ደግሞ ሁላችንም እንደግፍ፤ የላከው ብቻ ሳይሆን ሁላችንም።" ትንፋሽ ወሰደች። "ሌላም አለ። ይህ ስሕተት የራሴ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀኑን በአገሬ አቆጣጠር ብቻ ጽፌ፣ ሰዎች ዘንድሮ መሰላቸው። ከነዚያ ሰዎች አንዷ እናቴ ናት። ለአራት ወር ብዬ ዓይኔን አላሳክምም አለች። ድንጋዩ ገና ሳይወድቅ የእናቴን ዓይን ሊያጠፋብኝ ነበር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ በእያንዳንዱ አገር ሰዎች ቋንቋና በሚቆጥሩበት አቆጣጠር ይውጣ። ይህ በስምምነቱ ውስጥ ይጻፍ።"

ከዚያ የኔፓሉ ተወካይ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው፣ እጃቸውን አወጡ። "በእኛ አገር ዘንድሮ 2082 ነው" አሉ። "በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2034 ድንጋዩ ይወድቃል ብዬ በመንደሬ ብናገር፣ ካለፈ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው ብለው በሳቁብኝ ነበር። ኢትዮጵያን እደግፋለሁ።"

ስብሰባው በሳቅ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ባንግላዴሽ ደገፈች፣ ናይጄሪያ ደገፈች፤ ከላኪዎቹ አንዱም "ስሌቱን ማሳየት አይከብደንም" አለ። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አላለቀም፤ የተጠያቂነቱ ጉዳይ ገና ብዙ ክርክር ይቀረዋል። የመረጃውና የአቆጣጠሩ አንቀጽ ግን ያን ዕለት ማንም ሳይቃወመው ተቀባይነት አገኘ።

በማግስቱ ረቡዕ ፋሻው ተነሣ። ነርሷ "ቀስ ብለው ይግለጡ፣ እማማ" አለቻቸው። ፋናዬ ዓይናቸውን ገለጡ፤ እንባ ሞላው፤ ጠረጉት። መጀመሪያ የነርሷን ፊት፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ፀደንያን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ከስተሻል" አሉ። "ስልክ ላይ ደኅና ነኝ ስትዪኝ የነበረው ውሸት ነው። ለምን አትበዪም አንቺ?"

ፀደንያ ሳቋና ልቅሶዋ ተቀላቀለባት። ነርሷ "በሽተኛዋ የትኛዋ ናት?" ብላ መሀረብ ሰጠቻት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ድንጋዩን ሲከታተሉ የነበሩት አዲስ ስሌት ላኩ። በብዙ አገር ያሉ የሰማይ መመልከቻ መነጽሮች ያዩትን አጋጥመው መንገዱን በደንብ ለይተውታል። መጀመሪያ ከመቶ ሁለት የነበረው ከሺህ አንድ ሆኖ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ድንጋዩ በዚያ ቀን ከምድር ርቆ ያልፋል። ፀደንያ መልእክቱን ቢሮ ውስጥ ቆማ አነበበችው፤ ስሕተት እንዳይሆን ሁለተኛ አነበበችው፤ ከዚያ ለኦቦ ተረፈ ወስዳ ሰጠቻቸው።

ኦቦ ተረፈ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ጋሪ" አሉ በአፋን ኦሮሞ፣ በለሆሳስ። "በጣም ጥሩ። ስምምነቱ ግን አይቆምም። ይኼኛው አለፈ፣ ሰማዩ ግን ድንጋይ አላለቀበትም። አንቀጽሽን እስከ ዓርብ ጨርሺልኝ።"

"እሺ" አለች። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ወደ ዓለም ገና ደወለች።

"እማዬ፣ ድንጋዩ አይወድቅም። ጨርሶ አይወድቅም። አሁን ተረጋገጠ።"

"ተመስገን" አሉ ፋናዬ። "ስሙ ይመስገን። ለአብዱልከሪምና ለራቢአ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።" ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "ስሚኝማ፣ ይህ የሳሎኑ ግድግዳ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

"ምነው?"

"አምና ስታስቀቢው ነጭ ነው አላልሽኝም? አረንጓዴ ነው እኮ! ያውም የሆስፒታል አረንጓዴ። አንድ ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ ነጭ ነው እያልኩ ሳወራ፣ አንድ እንኳ ያረመኝ የለም!"

"ያኔ በቅናሽ የተገኘው እሱ ስለነበር ነው..."

"ምክንያት አልጠየቅኩሽም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ቀለም ይዘሽ ነይ። ደራርቱ እረዳለሁ ብላለች፣ አብዱልከሪምም መሰላል አለኝ ብሏል። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያልነካችሁትን እየጠቆምኩ አሠራችኋለሁ።"